ያልተከፈለውን የደበቀው ፍለጋ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ኅዳር ላይ የሆነ ነው። መስከረም ላይ ሁለት የብረት በር አሠርተው የወሰዱ ደንበኛ መስኮት ለማዘዝ መጡ። ልኬቱን ተናግረው ሲጨርሱ፣ «በዚያው የበሩንም ቀሪ ልክፈልና ይዘጋልኝ፤ ትደውላላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነው የቆየሁት» አሉ። ጸሐፊዋ ላፕቶፑን ከፈተች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባለቤቱ የምታነበው ቀሪ ያልከፈሉ ደንበኞች ዝርዝር ላይ የሰውዬው ስም የለም። «ጋሼ፣ እዚህ የሉም እኮ» አለች። ባለቤቱ የደረሰኙን ጥራዝ ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡ። የቀብዱ ደረሰኝ አለ፣ የሁለተኛው በር ቀሪ ግን የለም።

«በይ ልጄ፣ ሁሉንም እንቁጠረው» አሉና ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ከተረከቡት 41 ትእዛዞች ውስጥ ቀሪው ያልገባው 9 ነው። ላፕቶፑ የሚያሳየው ግን 5 ብቻ ነበር። የአራቱ ማስታወሻ አልተሰረዘም፤ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። የጎደሉት ከፍለጋው ነው።

ቤቱ የሚጠቀመው ኦብሲዲያን የሚባለውን የማስታወሻ መተግበሪያ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ማስታወሻዎቹ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆነው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ፍለጋው ይሠራል። በየጊዜው የሚደጋገም ፍለጋ ካለ አንዴ በደንብ ተጽፎ ቡክማርክ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጠቅታ ይመጣል። ጸሐፊዋ ያስቀመጠችው ፍለጋ ይህ ነበር፦

"ቀሪ ሒሳብ" -ተከፈለ

«ቀሪ ሒሳብ የሚል ሐረግ ያለበትን አምጣ፣ ተከፈለ የሚል ያለበትን ግን ተው» ማለት ነው። በጥቅስ ውስጥ ያለው ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል፤ ከቃሉ ጋር የተጣበቀችው የመቀነስ ምልክት ደግሞ ታስቀራለች። አጻጻፉ ስሕተት የለበትም። ባዶ ገጽ ቢያመጣ ኖሮ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይነቃበት ነበር። አምስት ስም ይዞ ስለሚመጣ ግን ሁሉም አመነው። የተቀመጠ ፍለጋ ክፉ ጎኑ ይህ ነው፤ ያገኘውን ያሳያል እንጂ ያለፈውን አይናገርም፣ በየሳምንቱም ያንኑ ያልፋል።

ከአራቱ ሁለቱን ያስቀረቻቸው የመቀነስ ምልክቷ ናት። ልኬት የሚወስደው ልጅ የጻፈው «ቀሪ ሒሳብ ያልተከፈለ» ብሎ ነው። ቃሉን ፊደል በፊደል ማየት ነው፦ ያ፣ ል፣ ተ፣ ከ፣ ፈ፣ ለ። «ያልተከፈለ» ውስጥ «ተከፈለ» ሙሉውን ቁጭ ብሏል። ኦብሲዲያን የሚፈልገው የፊደል ተርታ ነው፤ ቃሉ የት እንደሚጀምር አይጠይቅም። አማርኛ ደግሞ አፍራሹን ከግሡ ፊት ይለጥፋል። ስለዚህ «ተከፈለ ያለበትን ተው» ሲባል «አልተከፈለም»፣ «ካልተከፈለ»፣ «ስላልተከፈለ» ሁሉ አብረው ተጠረጉ። ያልተከፈለ መሆኑን በግልጽ የጻፈ ማስታወሻ ሁሉ ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው። በተቃራኒው አንዱ «ተከፍሏል» ብሎ ቢጽፍ፣ ፈ ወደ ፍ ስለተለወጠ ፍለጋው አያውቀውም፤ የተዘጋው ሒሳብ ዝርዝሩ ላይ ይቀራል።

ይህን በሬጌክስ፣ ማለትም የሚፈለገውን የፊደል ተርታ በምልክቶች በሚገልጽ አጻጻፍ፣ ማስተካከል ይቻላል። ኦብሲዲያን በሁለት ያዘነበለ መስመር (/) መካከል የተጻፈውን እንደ ሬጌክስ ስለሚያነብ እንዲህ ይጻፋል፦

-/(^|[^ል])ተከፈለ/

ከፊቱ ል የሌለበትን «ተከፈለ» ብቻ አስቀር ማለት ነው። ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ለዚህኛው ግን አይበቃም። «ቀብድ ተከፈለ፣ ቀሪ ሒሳብ ያልተከፈለ» የሚል መስመር ቢኖር የመጀመሪያው «ተከፈለ» ማስታወሻውን በሙሉ ይዞት ይሄዳል። የቃል ወሰን የሚባለው የሬጌክስ ምልክትም አያድንም፤ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና አኃዝ ብቻ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል ላይ እንደሚጠበቀው አይሠራም።

ሦስተኛው የቀረው በፊደል መንትያ ነው። ጸሐፊዋ «ሒሳብ» ብላ ትጽፋለች፣ ልጁ በስልኩ «ሂሳብ» ይላል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንዲሁ። ሥራ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚጻፉት ዕቃ፣ ዕዳ፣ ዓመት፣ ሥራ፣ ሰሌዳ ሁሉ ሁለት ዓይነት ጸሐፊ አላቸው። የቆየውን ማስታወሻ ለመሰብሰብ በካሬ ቅንፍ ሁለቱንም መጥራት ነው፦

/ቀሪ *[ሂሒ]ሳብ/

ከኮከቧ በፊት ያለው ክፍት ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ «ቀሪሒሳብ» ተብሎ የተጣበቀውንም፣ በስሕተት ሁለቴ የተራራቀውንም ያመጣል። ኤቨርኖት የሚባለውን ሌላ የማስታወሻ መተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። እዚያ ኮከብ የምትሠራው ከቃል መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ሒሳብ* ቢባል «ሒሳቡ» ይመጣል፣ «የሒሳብ» ግን አይመጣም። በአማርኛ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ሁሉ ከፊት ስለሚገቡ ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

አራተኛው በር ያሠሩት ደንበኛ ናቸው፤ አንድ ማስታወሻ ላይ ሁለት ትእዛዝ ተጽፎባቸው ነበር። ለአንደኛው በር ቀሪው «ተከፈለ»፣ ለሁለተኛው ገና። ፍለጋው የሚመዝነው ማስታወሻውን በሙሉ ስለሆነ የአንዱ መከፈል ሌላውን ሸፈነው።

ከአራቱ ሦስቱ የመጡት ሁኔታን በዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገር ለሰው ይጻፍ፤ ለፍለጋ የሚሆነው ታግ፣ ማለትም ከ # ምልክት ጋር ተጣብቆ የሚጻፍ መለያ ቃል፣ ነው። ወርክሾፑም ወደዚያው ሄደ። አንድ ትእዛዝ አንድ ማስታወሻ፤ የማስታወሻው ሁለተኛ መስመር ላይ ከሁለት አንዱ፦ #ቀሪ ወይም #ዝግ። ገንዘቡ ሲገባ #ቀሪ ጠፍቶ በቦታው #ዝግ ይገባል እንጂ ሁለቱ አብረው አይቆዩም። ቃላቱ የተመረጡት ሆን ተብሎ ነው፤ ቀ፣ ሪ፣ ዝ፣ ግ አንዳቸውም መንትያ የላቸውም። #ዕዳ ወይም #ሒሳብ ቢባል ኖሮ ያው ችግር በሌላ በር ይመለስ ነበር። ታጉ መስመሩ ላይ ብቻውን ይቁም፣ አራት ነጥብም አይከተለው። በምልክቷና በቃሉ መካከል ክፍት ቦታ ከገባ፣ ወይም «ብር#ቀሪ» ተብሎ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ከተጣበቀ ታግ መሆኑ ይቀራል።

የማስታወሻው ስም ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከዓመት ይጀምራል፣ 2017-03-12 እንደማለት፤ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይቆማሉ። ቀኑን የቀን ዓይነት ባለው የንብረት (ፕሮፐርቲ) ሳጥን ውስጥ ማስገባት ግን አይሆንም፤ ያ ሳጥን የፈረንጅ ካላንደር ስለሆነ ጳጉሜን፣ 13ኛውን ወር፣ አያውቅም። እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ።

ከዚያ «ጠዋት» የሚባል አንድ ገጽ ተከፈተ። ኦብሲዲያን ውስጥ ሦስት የኋልዮሽ ጭረት (```) ተደርጎ ከጎኑ ኩዌሪ (query) የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ ከሥሩ የሚገባው ፍለጋ ውጤቱን እዚያው ገጹ ላይ ይዘረጋል። ገጹ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ደንበኛ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ #ቀሪ ያለበትን ያመጣል። ሁለተኛው #ቀሪ ሆኖ «ተረክቧል» የሚል ያለበትን፤ ስልክ የሚደወለው ለእነዚህ ነው። ይቺ ቃል ዕቃው ሲወጣ ከተዘጋጀ ቅጽ ተቀድታ የምትገባ እንጂ እያንዳንዱ እንደፈቀደው የሚጽፋት አይደለችም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ በዚያው ፎልደር ውስጥ #ቀሪም #ዝግም የሌለበትን አምጣ ይላል። ይህ ፍለጋ ባዶ መሆን አለበት። አንድ ማስታወሻ እንኳ ካሳየ ከሁለቱ ዝርዝሮች ያመለጠ ትእዛዝ አለ ማለት ነው። ማንኛውም የሚታመን የተቀመጠ ፍለጋ እንዲህ ያለ ተቃራኒ ጓደኛ ከጎኑ ይኑረው፤ አንዱ ያለውን ሲያሳይ ሌላው የቀረውን ያወጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ማስታወሻ ወጣበት። አንዱ ላይ ታጉ ጭራሽ አልገባም፤ ሌላው ላይ ከምልክቷ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ነበር፣ «# ቀሪ»። ሁለቱም ሒሳብ ሳይዘጋ ተስተካከሉ።

ገጹ ሲዘጋጅ አንድ ነገር ከግማሽ ሰዓት በላይ አደከመ። ታግ (tag) የሚለው የፍለጋ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሁለት ነጥብ ይከተለዋል፣ ከዚያ #ቀሪ። ጸሐፊዋ በትክክል ጻፈችው፤ ውጤቱ ግን ባዶ። ስክሪኑን አጉልታ ስታየው ሁለት ነጥቧ የአማርኛ ኪቦርዱ የሚያወጣት ፡ ሆና ተገኘች። ከ : ጋር በዓይን አይለዩም፤ ለፍለጋው ግን ይቺኛዋ ተራ ፊደል ናት፣ ትእዛዝ አይደለችም። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ፍለጋዎች «ቅጂ» በሚባል ማስታወሻ ላይ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ አዲስ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሲገባ ከዚያ ተቀድተው ይለጠፋሉ እንጂ ማንም በእጁ አይጽፋቸውም።