ግዝት ያላስቆመኝ መጠጥ

ነሐሴ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ፊቴን ልታጠብ ወደ ቧንቧው እንደተጠጋሁ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ባለቤቴ ከነገረችኝ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ አረፋ ደፍቄ፣ እጅና እግሬ እየተንፈራገጠ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቻለሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት ለኩሶ ያሸተተኝም፣ «መንፈስ ነው፣ ጠበል አድርሱት» ያለም ነበር። የመጨረሻዋን መለኪያ አረቄ ከጨለጥኩ ገና 36 ሰዓት አልሞላኝም ነበር። በዚያ ቀን የጣለኝ መጠጡ ሳይሆን መጠጡን በአንድ ጊዜ፣ ያለ ሐኪም፣ በመሐላ ብቻ መተዌ እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። አሁን ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ይህን የምጽፈው፣ ለማቆም የቆረጠ ሰው እኔ በሄድኩበት መንገድ እንዳይሄድ ስለምፈልግ ነው።

ያደግሁት አርሲ ነገሌ ነው። የከተማችንን አረቄ በስም የማያውቅ ጠጪ በአገሩ ያለ አይመስለኝም። እናቴ ጌሾውንና ብቅሉን ደፍድፋ፣ ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ጥዳ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ተሻግሮ ጠብ ጠብ እስኪል ስትጠብቅ ስንትና ስንት ሌሊት ነግቶባታል። ከማገዶው ጢስ የተነሣ ዐይኖቿ ዘወትር ቀልተው ያለቅሱ ነበር፤ በቀኝ ክንዷም ላይ ከትኩስ ጋን የተረፈ ጠባሳ አለ። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ኮሌጅ የገባሁበት ገንዘብም የመጣው ከዚያ ጢስ ነው። እርሷ ራሷ ለቅምሻ ካልሆነ በቀር አትጠጣም። ስለዚህ አረቄን እንደ ጠላት አድርጌ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንጀራም በሽታም ሆኖ ያየሁት ነገር ነው።

መጠጥ የጀመርኩት ግን በእናቴ ቤት አይደለም። አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ከገባሁ በኋላ፣ ዓርብ ማታ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሁለት ሦስት ጃምቦ ድራፍት እጠጣ ነበር። ዓርቡ ቀስ በቀስ ወደ ረቡዕም ወደ ሰኞም ተዛመተ፤ ድራፍቱ ሲወደድብኝና አልሰማ ሲለኝም ሰፈሬ ካለች ግሮሰሪ አረቄ መለኪያ በመለኪያ መውሰድ ጀመርኩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጠዋት ስነሣ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ቢሮ ገብቼ ብዕር ከመያዜ በፊት አንድ መለኪያ መውሰድ ነበረብኝ። አንድ ቀን የፈረምኩበት ቼክ ፊርማው ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ከባንክ ተመለሰ። አለቃዬ ቼኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወጣ። ያንን ቼክና የዚያን ሰው ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ፊርማው ከጠፋ ምን ይቀረዋል?

በመካከሉ ለማቆም ያልሞከርኩበት ዓመት የለም። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ሳልጠጣ ያሳለፍኩበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ገና የምጠጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ያንን ጾም እንደ ማስረጃ ይዤ «ሱሰኛ ብሆን ኖሮ ሁለት ወር ያህል እችል ነበርን?» እያልኩ ራሴንም ባለቤቴንም ለብዙ ዓመታት ሞገትኩ። እውነቱ ግን የፋሲካን ሌሊት የምጠብቀው ለትንሣኤው እንዳልነበረ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። ነገሩ እየባሰ ሲሄድ ባለቤቴ የንስሐ አባታችንን ለመነች፤ እርሳቸውም ለአንድ ዓመት እንዳልጠጣ ገዘቱኝ። ግዝቱን በ19ኛው ቀን አፈረስኩ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለማለፍ እንኳ አፍሬ መንገድ እቀይር ነበር፤ ያንን ኀፍረት የማስታግስበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝም ከቀድሞው ይልቅ ጠጣሁ። መሐላና ግዝት ለአንዳንዱ ሰው ልጓም ይሆኑታል፣ ይህን አልክድም። ሰውነቱ በመጠጥ ለተያዘ ሰው ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ቃል ማስገባት፣ ሲያፈርሰው የሚሸከመውን ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

የወደቅሁ ቀን ወደ ሆስፒታል የወሰዱኝ ሰዎች ሕይወቴን አትርፈዋል። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ነበረች፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ይጠጣሉ?» ብላ ሳይሆን «መቼ አቆሙ?» ብላ ነበር። ከዚያም አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ደግሞ ይህን ማቀዝቀዝ ለመቋቋም ራሱን እያነቃቃ ይለምዳል፤ መጠጡ በድንገት ሲቀር ያ መነቃቃት ልጓሙ እንደተፈታ ፈረስ ይሆናል። እጅ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ማስመለሱና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀምራሉ፤ እንደ እኔ መንፈራገጥ የሚመጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣበታል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ያለበትን ቦታ እስከመሳትና የሌለ ነገር እስከማየት የሚያደርስ፣ ካልታከመም ሊገድል የሚችል መቃዠት አለ። ሁሉም ጠጪ እዚህ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ ሰው ግን ብቻውን ቤት ዘግቶ ማቆም የለበትም።

ይህን ስሰማ ልጅ ሆኜ ጠበል ቦታ ያየኋቸው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እየጮኹ የሚወድቁ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ከእነርሱ መካከል መጠጥ ትተው የመጡ ስንቶቹ እንደ እኔ ነበሩ? ለጠበል ያለኝ እምነት ዛሬም እንዳለ ነው፤ ወደ ጠበሉ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ቢያየው፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይዞ ቢሄድ እምነቱ አይጎድልበትም። በኋላ ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ ሐኪሙንም የሰጠን እርሱ ነው» አሉኝ፤ ግዝቱንም ፈቱልኝ።

ሰባት ቀን ተኛሁ። የተነቃቃውን አንጎል የሚያረጋጋ ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት በየቀኑ መጠኑን እየቀነሱ ሰጡኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ቫይታሚን ቢ1ን፣ ማለትም ቲያሚንን፣ በመርፌ ወጉኝ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የተለመደ ነገር አለ። ሲጠጣ ያደረ ሰው ጠዋት ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ጎራ ብሎ ግሉኮስ ያስደርጋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስደርጌያለሁ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ለረጅም ጊዜ የጠጣና በደንብ የማይበላ ሰው የቲያሚን እጥረት ይኖረዋል፤ ሰውነት ስኳርን ለማቃጠል ቲያሚን ስለሚያስፈልገው፣ ግሉኮሱ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቲያሚን አሟጦ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ሚዛን ያስታል፣ ዐይን ያንጋድዳል፣ ሲብስም የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ይወስዳል። ቲያሚን ውድ መድኃኒት አይደለም። ይህን ማንም አለመንገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የደም ግፊቴ በዚያ ሳምንት 160 በ100 ነበር። ጉበቴ በአልትራሳውንድ ሲታይ ስብ ተጠራቅሞበታል። የጉበትን ጉዳት የሚያሳዩት ሦስቱ የደም ምርመራዎችም ከልካቸው በላይ ነበሩ፦ ኤኤስቲ የሚባለው 142፣ ኤኤልቲ 61፣ ጂጂቲ ደግሞ 480 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከእጥፍ በላይ መሆኑን በጣቷ አሳየችኝና መጠጥ ጉበትን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የሚታየው አኳኋን ይህ መሆኑን ነገረችኝ። የምጠጣውንም በወረቀት አሰላችልኝ፦ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 40 በመቶ የሚሆን ጠንካራ አረቄ ከሆነ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ ከዚያው ጋር ትስተካከላለች። የቤት አረቄ ግን የጥንካሬው መጠን የተጻፈበት ወረቀት ስለማይለጠፍበት፣ ተራውና ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግምም ስለሚለያይ፣ እኔ በቀን የምወስደውን በትክክል ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። «ጉበትዎ ገና አልጠነከረም፤ ስብ ብቻ ከሆነ ይመለሳል፤ ከጠነከረ በኋላ ግን እንደነበረ አይመለስም» አለችኝ። ያቺን «ገና» የምትል ቃል ይዤ ወጣሁ።

ሰውነት እንዲህ ፈጥኖ ይቅር ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እጄ ረጋ። በስድስተኛው ሳምንት ስመረመር ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 34፣ ጂጂቲ 96 ሆኖ ነበር፤ የደም ግፊቴም ያለ መድኃኒት 130 በ84 ደረሰ። በመጠጥ ብዛት መጠናቸው ጨምሮ የነበረው ቀይ የደም ሴሎቼ ወደ ልካቸው ለመመለስ አራት ወር ያህል ፈጁ፤ አንድ ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር አሮጌዎቹ ሞተው በአዲስ እስኪተኩ መጠበቅ ግድ ነበር። ጨጓራ ነው እያልኩ ለዓመታት ማስታገሻ የምወስድለት ቃጠሎም ሄደ። እንቅልፍ ግን ከሁሉም ዘገየ። ሁለት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየባነንኩ ጣሪያ አይ ነበር፤ ሕልሞቼ ሁሉ የመጠጥ ነበሩ። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጤንነቱ ገና ሳይሰማው ማጣቱ ብቻ ይሰማዋል።

በአገራችን ከመጠጡ ይልቅ የሚከብደው ሰውን እምቢ ማለት ነው። ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ አስተናጋጁ «በሞቴ!» ካለ በኋላ እጅህን ብርጭቆው ላይ ከድነህ መቀመጥ ፍቅሩን የናቅህበት ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን መኪና እነዳለሁ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ እያልኩ እሸሽ ነበር፤ ሰበቡ ባለቀ ቁጥርም ግብዣ መሄድ ተውኩ። በኋላ ግን እውነቱን መናገር ከሁሉም ቀለለኝ። «በመጠጥ ታምሜ ሐኪም አቁም ብሎኛል» ስል፣ እኛ ሕዝብ የታመመን ሰው አናስገድድምና፣ ያው «በሞቴ» ይለኝ የነበረ ሰው ራሱ አምቦ ውሃ ያስከፍትልኛል።

በአምስተኛው ወር ወድቄ ነበር፤ ይህን ብደብቅ የጻፍኩት ሁሉ ዋጋ አይኖረውም። የአጎቴ ተዝካር ላይ አንዲት ዘመዳችን ጠላ በጣሳ ስትሰጠኝ፣ «ጠላ ምን አለው፣ ምግብ ነው» ብዬ ለራሴ ተናግሬ ጠጣሁ። ሁለተኛውን ጣሳ እኔው ጠየቅሁ፤ ማታ ላይ ደግሞ እግሬ ወደ ግሮሰሪዋ መራኝ። ከበሯ ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩላት። መጣች፣ አልተቆጣችም፣ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ፤ በማግስቱም ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄድን። ግዝቱን ያፈረስኩ ጊዜ ተደብቄ ስለነበር ወራት ጠፋሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን በአንድ ሌሊት ተመለስኩ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የቢራ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተላለፍም አግዷል። በተለይ ሳቆም ሰሞን፣ ቤቴ ተቀምጬ ዜና ስከታተል ያ አረፋ ፊቴ ላይ አለመፍሰሱ እጅግ ረድቶኛል። የሚጎድለን ሕክምናው ነው። ልክ እንደ ስኳርና እንደ ግፊት ሁሉ፣ ሰው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ገብቶ «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ» ሲል እጁ መንቀጥቀጡን የሚያይለት፣ ቲያሚኑን የሚወጋው፣ መተኛት ካለበትም የሚልከው ባለሙያ በየደጁ ማግኘት አለበት።

እናቴ አረቄ ማውጣት የተወችው እኔ ሆስፒታል በገባሁበት ዓመት ነው። ምክንያቷን ስጠይቃት «ዐይኔ ደከመ» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። በዘንድሮው ፋሲካ ነገሌ ስሄድ ለሁሉም ጠላ ተቀዳ፤ ለእኔ ግን በብርሌ ብርዝ አቀረበችልኝ፣ ማርና ውሃ ብቻ፣ ጌሾ ያልነካው። ብርሌውን በአንድ እጄ ተቀብዬ ስጠጣ እጄን እያየች ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ማሩ በዛ እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ።