አንድ ምንጭ ኮድ፣ ሦስት ዓይነት ፕሮሰሰር

የሊኑክስ ከርነልን፣ ማለትም ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች የሚያዋቅር ሰው አስቀድሞ ሊተወው የሚገባ ልማድ አለ፤ ሙሉውን የውቅር ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን እየገለበጡ መዞር። ፋይሉ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት። ከእነዚህ መካከል ባለቤቱ አስቦ የመረጠው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን የመረጠው ሌላ ሰው፣ ለሌላ ማሽን፣ እኛ በማናውቀው ምክንያት ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለችው ጠባብ ቢሯችን እኔና ባልደረባዬ የያዝነው መንገድ ይለያል። ልዩነቱን ብቻ እንጽፋለን፣ ከጎኑም ለምን እንደጻፍነው አንድ መስመር እናኖራለን።

ሥራው የመጣው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ የንባብና የሥልጠና ማእከል ነው። በልገሳ የተገኙት ማሽኖች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ኢንቴል አተም ኤን270 ያለባቸው ባለ 32 ቢት ትናንሽ ላፕቶፖች፣ ኮር 2 ዱኦ ያለባቸው ባለ 64 ቢት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች፣ ከዚያም መጽሐፍ መፈለጊያ ሆነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ራስበሪ ፓይ 3 እና 4 የተባሉ ባለ አንድ ቦርድ ትናንሽ ኮምፒውተሮች። ኃላፊዋ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጆቼ፣ ከርነል የምትሉትን እኔ አላውቅም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣልኝ» አሉ። ከዚህ የጠራ የሥራ ዝርዝር ከማንም ደንበኛ ተቀብዬ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ከርነል ኮምፓይል ማድረግ (ምንጭ ኮዱን ማሽኑ ወደሚፈጽመው ኮድ መቀየር) አያስፈልገውም፤ ስርጭቶች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚወጡ የሊኑክስ ጥቅሎች፣ የሚሰጡት ይበቃዋል። እኛን ወደዚህ የገፉን ባለ 32 ቢቶቹ ናቸው። ለምሳሌ ኡቡንቱ ከ17.10 ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች የዴስክቶፕ መጫኛ ማውጣት አቁሟል። ከርነሉ ግን ያረጀ ፕሮሰሰርን ቶሎ አይጥልም፤ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረበትን ኢንቴል 386 እንኳ የተሰናበተው በ2013 በወጣው 3.8 ስሪት ነው። ሁሉም ማሽኖች አንድ ስሪት ይዘው አብረው እንዲታደሱ ስለፈለግን፣ ለረጅም ጊዜ ከሚጠገኑት መካከል 6.1ን መረጥን።

ምንጭ ኮዱን አንድ ቦታ አስቀመጥንና እጃችንን ከእርሱ አነሣን። ኮምፓይል የሚደረገው በሦስት ሌሎች ማውጫዎች ውስጥ ነው፤ ኮምፓይሉን የሚመራው ሜክ የተባለ ፕሮግራም ለዚህ «ኦ» የሚባል አማራጭ አለው። «አርች» የሚለው ተለዋዋጭ የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ ይነግረዋል። የቢሯችን ኮምፒውተር የኢንቴል በመሆኑ ለራስበሪዎቹ የፕሮሰሰር ቤተሰብ ለኤአርኤም64 ኮድ የሚያመነጭ ጂሲሲ የተባለ ኮምፓይለር በተጨማሪ ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚጠቁመው «ክሮስ ኮምፓይል» የሚባለው ተለዋዋጭ ነው። እነዚህን በየጊዜው በእጅ መጻፍ አልወድም። በኤአርኤሙ ማውጫ ውስጥ «አርች» ሳይጠራ ሜክ ከተጀመረ፣ ኬኮንፊግ የተባለው የውቅር ሥርዓት ፋይሉን እንደ ኢንቴል ማሽን ውቅር ያነበዋል፤ የማያውቃቸውን መስመሮች ይጥልና ስለ ኢንቴል መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን አጭር ስክሪፕት ጻፍን፤ ከስክሪፕቱ ውጭ ሜክ የሚል የለም።

ከዚያ ቁርጥራጮቹ መጡ። መነሻው ከርነሉ ራሱ ለየቤተሰቡ ይዞት የሚመጣው ነባሪ ውቅር ነው። በላዩ ላይ ለሁሉም የጋራ የሆነ አንድ ቁራጭ ፋይል፣ ቀጥሎ የየማሽኑ ቁራጭ ይደረባል፤ ማዋሃዱን የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ያለው «መርጅ ኮንፊግ» የተባለ ስክሪፕት ነው። የአተሙ ቁራጭ በአንድ የኮምፒውተር መስኮት ውስጥ ያልቃል። አዲስ ሰው ቢመጣ ያንን አንብቦ የማሽኑን ጠባይ ያውቃል፤ ሙሉውን ፋይል ግን ማንም አያነብም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ኬኮንፊግ ያዘዙትን ሁሉ አይፈጽምም፣ አለመፈጸሙንም አይናገርም። እያንዳንዱ አማራጭ ሌሎች አማራጮችን ይደገፋል። ድጋፉ ከሌለ መስመሩ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ድጋፉ በሞጁልነት፣ ማለትም ከርነሉ ከተነሣ በኋላ በሚጫን ለብቻው በቆመ ፋይል፣ ካለ ደግሞ «አብሮ ይገንባ» ያሉት ወደ ሞጁልነት ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ፋይሉን ገልጦ ያየ ሰው ስሙን ያገኘዋልና ሁሉም ደኅና ይመስለዋል።

በራስበሪ ፓይ 3 ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። የሜሞሪ ካርዱን ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያናግረውን የከርነል ክፍል) አብሮ እንዲገነባ አዘናል፤ ከአንድ ስርጭት ውቅር በመጣ መስመር ግን የካርዱ ጠቅላላ ሥርዓት ሞጁል ሆኖ ነበር። ድራይቨሩም ተከትሎት ሞጁል ሆነ። ቶሎ እንዲነሣ ብለን ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ማለትም ሲነሣ ራም ላይ የሚጫን ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት፣ አልተጠቀምንም፤ ስለዚህ ካርዱን የሚያነበው ሞጁል የሚገኘው ካርዱ ራሱ ላይ ነው። ከርነሉ ሥረ ፋይል ሥርዓቱን (ሁሉም የሚመሠረትበትን ዋናውን) መጫን አልቻልኩም ብሎ በድንጋጤ ቆመ፤ ያልታወቀ መሣሪያ፣ ዜሮ ከዜሮ። ከዚያ ወዲህ «መርጅ ኮንፊግ» ሲጨርስ የሚያወጣቸውን «የተጠየቀው ዋጋ በመጨረሻው ውቅር የለም» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ስክሪፕታችን እንደ ስሕተት ይቆጥራቸዋል፤ አንዲት እንኳ ብትኖር ኮምፓይሉ አይጀመርም። ፓይ 4 ካርዱን የሚያነበው በሌላ ድራይቨር መሆኑንም ያወቅነው በዚሁ ሰበብ ነው። ማስገቢያው አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ከጀርባው ያለው ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም አብረው መገንባት አለባቸው።

የሥሩን ክፍልፍል በመሣሪያ ስም ከመጥራት በክፍልፍሉ መለያ ቁጥር መጥራት ይሻላል። ይህን ከርነሉ ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ይረዳዋል፤ የፋይል ሥርዓቱን መለያ ግን ብቻውን አይረዳም። ካርዱ እስኪታይ እንዲጠብቅ «ሩትዌይት»፣ ቢደነግጥ በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ራሱን እንዲያስነሣ «ፓኒክ» ከነቁጥሩ በማስነሻ መስመሩ ላይ ይጨመራሉ። የኃላፊዋ ጥያቄ ግማሹ በዚህች መስመር ተመለሰ። የጠረጴዛዎቹ ኮምፒውተሮች ኃይል ሲመለስ ራሳቸው መነሣታቸው ደግሞ የባዮስ፣ ከከርነሉ በፊት የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ጉዳይ ነው፤ ከርነሉ አያገባውም።

ስክሪን ላይ ምንም በማይታይበት ጊዜ የሚያዋጣው የከርነሉን መልእክት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያወጣው የሲሪያል ገመድ ነው። ከመርካቶ የገዛነው መለወጫ 3.3 እና 5 ቮልት የሚመረጥበት ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው፣ ወንድሜ» ቢለኝም በመለኪያ ሳላየው ቦርዱ ላይ አልሰካሁትም፤ የራስበሪ እግሮች ከ3.3 በላይ አይችሉም። ከ6ኛው እግር መሬት፣ ከ8ኛው ላኪ፣ ከ10ኛው ተቀባይ፤ የአንዱ ላኪ ለሌላው ተቀባይ ይሆናል። ፓይ 3 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥሩው ሲሪያል ለብሉቱዝ ስለተሰጠ እግሮቹ ላይ የሚወጣው ትንሹ ነው፤ ፍጥነቱም ከቺፑ ድግግሞሽ ጋር ይዋዥቃል። በማስነሻ ፋይሉ ላይ ሲሪያሉን የሚያበራው መስመር ካልተጻፈ የሚወጣው ጽሑፍ ዝባዝንኬ ነው፤ መስመሩ ድግግሞሹን ያጸናዋል።

ከኢንቴል ወደ ኤአርኤም የሚሻገር ሰው የሚደናገርበት ሌላው ነገር «ዲቫይስ ትሪ» ነው። የኢንቴል ማሽን በኤሲፒአይና በፒሲአይ በተባሉት የሃርድዌር ማስታወቂያ መንገዶች አማካኝነት ያለውን ራሱ ይናገራል። ኤአርኤም ቦርድ ላይ የተበየዱት ክፍሎች ግን አይናገሩም፤ እንደ አዲስ አበባ ቤት ናቸው፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» የሚል ካልነገረህ አታገኛቸውም። ያን የሚነግረው የዲቫይስ ትሪ ፋይል ነው። ፓይ 3 እና ፓይ 4ን አንድ ከርነል ያስነሣቸዋል፤ የሚለያየው ይህ ፋይል ነው። ከከርነሉ ጋር ከአንድ ስሪት የወጣ ቢሆን ይመረጣል።

ኢንቴሎቹን ለማቅለል «ሎካልሞድኮንፊግ» ግሩም ነው። አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር ያያል፣ የቀረውን ይቆርጣል። ዝርዝሩን ከሌላ ማሽን በፋይል መቀበልም ይችላል፤ ከየማሽኑ በፍላሽ ሰብስበን መጣን። ነገር ግን ያልተሰካ ነገር ለእርሱ የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን ከመውሰዳችን በፊት ማተሚያውን፣ ፍላሹን፣ ከሁሉም በላይ በገመድ ኢንተርኔት የሚያካፍል ስልክ ሰካን። የቢሮ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ወደ ስልኩ ነውና ያ ድራይቨር ቢቀር ማእከሉ ይወቅሰን ነበር።

በባለ 32 ቢቶቹ ላይ አንድ ውሳኔ ያከራክራል፤ ፒኤኢ የተባለው የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ማስፊያ። ብዙዎች ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ለማየት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። ዳታ ያለበትን ማኅደረ ትውስታ እንደ ኮድ እንዳይፈጸም የሚከለክለው ጥበቃ ግን በ32 ቢት የሚሠራው ፒኤኢ ሲኖር ነው። ኤን270 ሁለቱም ስላሉት አበራነው። ከልገሳው ጋር የመጡ ጥቂት ላፕቶፖች ቀደምት ፔንቲየም ኤም ነበሩ፤ እነዚህ ፒኤኢ እንዳላቸው አይናገሩም፣ ከርነሉም እምቢ ይላል። በግድ የሚያሳምነው የማስነሻ አማራጭ ቢኖርም አልተጠቀምንበትም፤ ለእነርሱ ሲባል አራተኛ ቁራጭ ከመጠገን ለባለቤቱ መመለስ ይቀላል ብዬ ተከራከርኩ። ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማም።

ኮምፓይል እየተደረገ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሊጻፉ የተቃረቡ ኦብጀክት ፋይሎች (የኮምፓይሉ መካከለኛ ውጤቶች) ዜሮ ባይት ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ቀናቸው አዲስ ስለሆነ ሜክ ያልፋቸዋል፤ ጉዱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ሲያያዝ ነው፣ የፋይሉ ዓይነት አልታወቀም እያለ። ሁሉን አጥፍቶ ከመጀመር ዜሮ ባይት የሆኑትን ብቻ ፈልጎ መሰረዝ ይበቃል። የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ ጄኔሬተሩን ሊያስነሡ ሲወርዱ እኛ ይህን ትእዛዝ እንጽፋለን።

ወደ 6.6 ስንሻገር ሥራው ቀለለ። ቁርጥራጮቹን በአዲሱ ነባሪ ውቅር ላይ ደረብን፣ ስክሪፕቱ ግን አስቆመን። በአተሙ ቁራጭ ላይ ራም ይቆጥባል ተብሎ የተጻፈው «ስሎብ» የተባለው የማኅደረ ትውስታ አደላዳይ የለም። በ6.4 ከከርነሉ ተወግዷል። በ6.2 የገባው ምትክ ደግሞ ከ16 ሜጋባይት በላይ ራም ላለው ማሽን እንደማይመከር መግለጫው ላይ ተጽፏል፤ አተሞቹ 1 ጊጋባይት አላቸው። መስመሩን ሰረዝነው፣ ነባሪው አደላዳይ ተተካ።