ጋቢና የ8 ዲግሪ ውሃ

ጋቢ የሚያሞቀው በጥጡ አይደለም፤ በድርቡ መሃል ታምቆ በሚቀረው አየር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለ መጥለቅ ግማሹን ያውቃል። ሌላው ግማሽ፣ ያው ጋቢ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ማስታወስ ነው።

በሲያትል የምንኖር ሐበሾች የአልካይን ዳርቻ የምናውቀው በእግር ሽርሽር ነው። እዚያው አቅራቢያ፣ የውሃ ታክሲው በሚቆምበት በሲክረስት ፓርክ፣ ሰዎች በጥር ብርድ የአየር ሲሊንደር አዝለው ወደ ባሕሩ ይገባሉ። አላበዱም። የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ፕላንክተን በዝቶ ሲደፈርስ፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ይጠራል። ግዙፉን የፓሲፊክ ኦክቶፐስ ከጎሬው ጥርት አድርጎ ማየት የፈለገ ሰው በብርድ መግባት አለበት።

ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ያስተላልፋል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሆኖ የጠፋን ሙቀት መመለስ አይታሰብም፤ ይዞ የገቡትን ቀስ ብሎ እንዲያልቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚቻለው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዌትሱት ነው። ይህ ልብስ ውሃ ያስገባል፤ የገባው ስስ ውሃ በሰውነት ሙቀት ይሞቅና እዚያው ይቆያል። ካልቆየ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ያስገባል፣ ሰውነትም እንደገና ማሞቅ ይጀምራል። በዌትሱት የሚንቀጠቀጡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልብሳቸው ስለሳሳ ሳይሆን ስለሰፋ ነው። ሱቅ ውስጥ ለብሳችሁ ቁጢጥ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፤ ከወገብ በላይ ባለው የጀርባ ጎድጓዳ ወይም በብብት ሥር ጨርቁ ከቆዳ ከራቀ ሌላ ቁጥር ሞክሩ። ልክ የሆነ 5 ሚሊ ሜትር ከሰፊ 7 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ደግሞም ልብሱ የተሠራበት ላስቲክ፣ ኒዮፕሪን፣ የሚያሞቀው በውስጡ ባሉት የጋዝ አረፋዎች ነው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ላስቲኩ ቢታገልም ልብሱ ይሳሳል። ውሃው ይበልጥ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ልብሱም ይከዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው በዚህ ባሕር ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት ለሚፈልግ ሰው ውሃ ጨርሶ የማያስገባውን ልብስ፣ ድራይሱትን፣ የምንመክረው።

ድራይሱት ግን ብቻውን አያሞቅም። ከሦስት ድርብ ስስ ጨርቅ የተሠራው ዓይነት እንደ ዝናብ ልብስ ነው፤ ሥራው ውሃ መከልከል ብቻ ነው። የሚያሞቀው ከሥር የሚለበሰው ነው። ቆዳ ላይ ስስ የሜሪኖ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ በላዩ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሆነ ቲንሱሌት (አየር የሚያምቅ ሰው ሠራሽ ሙሌት) ወይም ወፍራም ፍሊስ። ጥጥ ቲሸርት፣ ጥጥ ካልሲ፣ ጥጥ የውስጥ ሱሪ ቤት ይቅር፤ ላብ ጠጥቶ እርጥብ ጋቢ ይሆናል። ሁለት ወፍራም ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅም አየሩን አስወጥቶ እግርን ያቀዘቅዛል። አንድ ካልሲ ቀንሱ፣ ይሞቃችኋል።

ሰው የሚስተው ነገር ክብደት ነው። በድራይሱት ውስጥ የሚያዝ እያንዳንዱ ሊትር አየር ሰውን ለማስመጥ አንድ ኪሎ ያህል እርሳስ ይጠይቃል። ያንን ኪሎ መሸከም ያልፈለገ ጠላቂ ከልብሱ አየር እያስወጣ ይወርዳል፤ ልብሱ ሰውነቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ የቲንሱሌቱ ልስላሴ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ «ልብሴ አያሞቅም» ይላል። ይህ ሰው በጣም የሚቀዘቅዘው መጨረሻ ላይ ነው። የ12 ሊትር ሲሊንደር ግፊት ከ200 ባር ወደ 50 ባር ሲወርድ፣ ሲሊንደሩ 2 ኪሎ ከምናምን ይቀልላል። ከመውጣቱ በፊት ለደኅንነት 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ሲቆም ወደ ላይ እንዳይወጣ ሲል የቀረችውን አየር ያስወጣል፤ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ አየር በሌለው ልብስ ውስጥ። ስለዚህ ክብደት የሚለካው በመግቢያው ሳይሆን በመጨረሻው ነው፦ ሲሊንደሩ 50 ባር ሲደርስ፣ የማንሳፈፊያው ጃኬት ባዶ ሆኖ፣ ልብሱ ሳይቆነጥጥ፣ 5 ሜትር ላይ ያለ ትግል መቆም። ካልተቻለ አንድ ኪሎ መጨመር ነው። በመውረጃው ላይ ደግሞ መቆንጠጥ ሲጀምር አየር የሚያስገባውን የደረት ቫልቭ አጠር አጠር አድርጎ መጫን። አንድ ጊዜ ረጅም ከተጫነ አየሩ ወደ እግር ሄዶ ሰውን ሊዘቀዝቀው ይችላል፤ ያኔ ጉልበትን ሰብስቦ መገልበጥና በግራ ክንድ ቫልቭ ማስወጣት ነው።

ልብሱን በአየር ፋንታ አርጎን በተባለ ጋዝ መሙላት የሚወዱ አሉ። አርጎን ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር በሲሶ ያህል ባነሰ መጠን ስለሆነ ነገሩ እውነት አለው፤ ለ20 ሜትርና ለ45 ደቂቃ ግን ገንዘቡን ጥሩ ጓንት ላይ ማዋል ይበጃል። ሂሊየም ያለበትን ጋዝ ግን ፈጽሞ ልብስ ውስጥ አታስገቡ፤ ንጹሕ ሂሊየም ከአየር ስድስት ጊዜ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል።

የገባ ውሃ ሁሉ ቀዳዳ አለ ማለት አይደለም። በእጅ አንጓ በኩል የሚገባው ዕቃ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ነው፤ ጅማቱ ይነሣና በመሃሉ ቦይ ይከፈታል። የእጅ አንጓውን ማኅተም (ውሃ እንዳይገባ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ላስቲክ) ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ክርን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በአንገት በኩል ሁለት የኛ ነገሮች አሉ፦ ሹሩባና ማተብ። አንድ ዘለላ ፀጉር ወይም አንድ ክር በላስቲኩ ሥር ካለፈ ውሃ እየተንጠባጠበ ይገባል። ማተቡን አትፍቱ፤ ከማኅተሙ በታች ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አውርዱትና በጣት ዙሪያውን ዳስሱ። የፀጉር ቅባትና ቫዝሊን ደግሞ ከላቴክስ ላስቲክ የተሠራ ማኅተምን ይበሉታል። ዚፐሩን የመጨረሻዋን ጥርስ ድረስ ጓደኛ በእጁ ይዳስስላችሁ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍት ከቀረ መጥለቁን ይጨርሰዋል።

አብዛኛውን ጊዜ መጥለቁን የሚያስቆመው ደረት ሳይሆን እጅ ነው። ጣት ሲደነዝዝ ቫልቭ መጫን፣ መንጠቆ መፍታት ያቅታል። 5 ሚሊ ሜትር ጓንት ለ30 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ከዚያ በኋላ ባለ ሦስት ጣቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ወይም በቀለበት ከልብሱ ጋር የሚገጠም ደረቅ ጓንት ይሻላል። ደረቁ ከልብሱ አየር ካልደረሰው ሲወርዱ እጅን ይጨመድዳል፤ ስለዚህ ከአንጓው ማኅተም ሥር ስስ ገመድ ወይም ቀጭን ቱቦ ይደረጋል። ጉዳቱ፣ ጓንቱ ከተቀደደ ውሃው ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ክንድ ይሄዳል።

ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጆሮ ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ከገባ ዓለም ይዞራል። ገና ላይ ሳላችሁ የራስ ቆቡን በሁለቱም ጆሮ በኩል ከፈት አድርጋችሁ እኩል አስገቡ። ሬጉሌተሩን (አፍ ላይ የሚያዘውን መተንፈሻ) ውሃ ውስጥ ሳትገቡ በብርዱ አየር አትተንፍሱበት፤ የትንፋሽ እርጥበት በውስጡ ይበርድና ወደ በረዶ ሊሄድ፣ አየሩንም ያለ ማቋረጥ ሊለቀው ይችላል።

በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይጠቀምበታል። ሰው ታች ሲሞቀው ሰውነቱ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅን በብዛት ይወስዳል፤ ሲወጣ ከቀዘቀዘ ግን በደንብ አያስወጣውም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት ታች ሞቆ፣ ሲወጣ በርዶ የሚጠልቅ ሰው ለናይትሮጅን አረፋ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ስለዚህ ታች ዝቅ አድርጉት፣ ሲወጣ ከፍ። ባትሪው መንገድ ላይ ቢሞት እንኳ የምትቋቋሙት ልብስ ከሥሩ ይኑር።

ሽንት እንዳይመጣ ብሎ ውሃ አለመጠጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቅዝቃዜና ግፊት ሽንት ያመጣሉ፣ መጠጣት ግን የግድ ነው። ሲለብሱ ላብ እንዳይመጣ ዚፐሩ መጨረሻ ይዘጋ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ መጥለቁ አልቋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ገና 100 ባር አየር ቢኖርም። ከወጡ በኋላ ወዲያው ሙቅ ሻወር ውስጥ አይገባም፤ ቴርሞስ ሻይ ግን ይፈቀዳል። እርጥቡን ቆብ አውልቃችሁ ደረቅ የሱፍ ቆብ አድርጉ፣ የነፋስ ጃኬት ደርቡ፤ ሲሊንደሩ ኋላ ይነሣል።