የፈረስ ውርርድ ሂሳብን ከኮምቦልቻ ኳስ ማሳያ ቤት የተማርኩት

ደሴ ቁጭ ብዬ የአሜሪካ ፈረስ ገንዘብ እቆጥራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፈረስ ኮምቦልቻ ጋሪ የሚጎትተውንና ጥምቀት ላይ ተሸልሞ የሚወጣውን ነው። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ኦንላይን ፍሪላንስ ጀመርኩ። አብዛኛው ሥራ የሰው ኤክሴል ማስተካከል ነው። ባለፈው ክረምት ግን አንድ የውጭ ደንበኛ ለየት ያለ ጥያቄ ይዞ መጣ። የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሲግናሉን (የውድድሩን ስርጭት) ለብዙ አወራራጆች፣ ማለትም ውርርድ ለሚቀበሉ ድርጅቶች ቢሰጥ፣ እነሱ ደግሞ ለትላልቅ ተወራራጆች ተመላሽ ቢከፍሉ፣ የሜዳው ገቢ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

በሁለት ቀን "ይጨምራል" ብዬ ላክሁለት። ደንበኛዬ አንድ መስመር ብቻ መለሰ፦ "ገቢ ያልሽው የማንን ገቢ ነው?"

ጥያቄው ገብቶኝ ነበር ብል ውሸት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። እኛ ከተማ የምናውቃቸው የኳስ ቤቲንግ ቤቶች ኦዱን፣ ማለትም ለአሸናፊ ስንት እጥፍ እንደሚከፈል፣ ራሳቸው ያወጣሉ። ከተበላህ ቤቱ በላህ፤ ከበላህ ከቤቱ ኪስ በላህ። የአሜሪካ ፈረስ እንዲህ አይደለም። አሠራሩ በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ኦለር የጀመረው ነው፤ ለዕቁብ ይቀርባል። የሁሉም ብር አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከቋቱ በመቶኛ ይቆረጣል። የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ተወራራጁ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌላው ተወራራጅ ጋር ነው። ቤቱን የዕቁብ ዳኛ በሉት፤ ማንም ያሸንፍ ማን ቁራጩን ይወስዳል። ቁራጩ "ይሄ ፈረስ ያሸንፋል" በሚለው ቀላል ውርርድ ላይ ከ15 እስከ 18 በመቶ አካባቢ ነው። የሁለት ሦስት ፈረስ ቅደም ተከተል ሲገመት 20ን አልፎ ይሄዳል። የባለፈረሶች ሽልማት፣ የሜዳው ጥገና፣ ግብሩ ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ሲግናል የሚሉት የውድድሩን ምስልና ውርርድ የመቀበል መብቱን አንድ ላይ ነው። አሜሪካ በ1978 ባወጣችው ሕግ መሠረት አንድ ግዛት ያለ አወራራጅ በሌላ ግዛት ውድድር ላይ ብር የሚቀበለው ሜዳው ከፈቀደለት ነው፤ የባለፈረሶቹም ማኅበር ቃል አለበት። ስለዚህ አወራራጁ ለሜዳው ክፍያ ይከፍላል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ከተወራረደው ገንዘብ 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ታዋቂ ሜዳዎች ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ዛሬ ከ10 ዶላር 9ኙ ገደማ የሚወራረደው ከሜዳው ውጭ ነው።

ተመላሽ ደግሞ ምርቃት ማለት ነው። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ በርከት አድርጋችሁ ስትገዙ ሻጯ እፍኝ ትጨምርላችኋለች አይደል? አወራራጁም ብዙ ለሚያስይዝ ሰው፣ ቢበላም ባይበላም፣ ካስያዘው ላይ በመቶኛ ይመልስለታል።

ያኔ እሁድ ቀን ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ጉም ነበር፤ ሐረጎን ስንጨርስ ጃኬቴን አወለቅሁ። አጎቴ እዚያ ኳስ ማሳያ ቤት አለው። ስልሳ ሰው የሚይዝ አግዳሚ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ብር የሚቀበል ልጅ። ሥራዬን ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ በጣቱ ግድግዳው ላይ ወደ ውጭ የወጣውን ጥቁር ኬብል አሳየኝ።

"ይቺን ታያለሽ? ጎረቤት ጁስ ቤት ነው የምትሄደው። ከዲሼ ነው የሚያሳየው። በወር ትንሽ ይሰጠኛል።"

"ታዲያ አዋጣህ፣ ጋሼ?"

"ጨዋታው የማይረባ ከሆነ አዎ። እኔ ጋ የማይመጡ ሰዎች ናቸው እዚያ ጁስ ይዘው የሚያዩት። አርሴናልና ቼልሲ ሲሆን ግን የኔ ሰዎች ናቸው እዚያ የሚሄዱት። ትኬት ከፍለው ሊገቡ የነበሩት። አብሽር፣ ምን ይደረጋል።"

ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ተወራራጅ ሜዳው ላይ 100 ዶላር አስያዘ እንበል። ቁራጩ 20 ነው። 2 ለግብር ብንል ለሜዳውና ለባለፈረሶቹ 18 ይቀራል። ያው ሰው ቤቱ ሆኖ በሌላ አወራራጅ በኩል ቢያስይዝ ሜዳው የሚያገኘው 3 ነው። ስለዚህ ከሜዳው የሸሸውን አንድ መቶ ዶላር ለመተካት ከሩቅ ስድስት መቶ ዶላር መምጣት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ሁለቱንም መቶ ዶላር እኩል ቆጥሬ ነበር። ጠቅላላ የተወራረደውን ገንዘብ "ገቢ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። የጁስ ቤቱን ሽያጭ የአጎቴ ገቢ ብዬ እንደመጻፍ ነው። የስታቲስቲክስ መምህሬ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር!

ማታ ደሴ ተመልሼ ተመላሹን ገባሁበት። በዚህ መሀል መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት የሠራሁት ጠፋ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

አንድ ሰው ኪሱ 100 ዶላር አለው። ባስያዘ ቁጥር በአማካይ 20 በመቶ ይከስራል። 100ው 80 ይሆናል፣ ከዚያ 64፣ ከዚያ 51... እስኪያልቅ ድረስ ስንት ጊዜ እያገላበጠ ያስይዛል? ሲደመር 500 ዶላር። አሁን 10 በመቶ ተመላሽ ስጡት። ትክክለኛ ኪሳራው 10 በመቶ ብቻ ሆነ። ያው 100 ዶላር አሁን 1,000 ዶላር ውርርድ ይሆናል። ዝውውሩ፣ ማለትም ጠቅላላ የተወራረደው ገንዘብ፣ እጥፍ! ሪፖርት ላይ ሲታይ ያምራል። ሰውየው ያጣው ግን ያንኑ 100 ዶላር ነው። አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም።

ክፍፍሉ ነው የተለወጠው። ተመላሽ ሳይኖር ከ500 ላይ ሜዳው በ3 በመቶ 15 አገኘ፣ አወራራጁ 85። ተመላሽ ሲኖር ከ1,000 ላይ ሜዳው 30፣ አወራራጁ 70። ስለዚህ ሰውየው ድሮም ከሩቅ የሚጫወት ከሆነ ተመላሹ ሜዳውን ይጠቅማል፤ ከፋዩ አወራራጁ ነው። ሰውየው ግን ድሮ ሜዳው ላይ የሚጫወት ከሆነ ያ 500 ዶላር ለሜዳው 90 ያስገባ ነበር። ተመላሹ ስቦ ሲወስደው 90ው 30 ሆነ። ያው ተመላሽ፣ ያው መቶኛ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። ወሳኙ ጥያቄ ተወራራጁ አዲስ ነው ወይስ ከሜዳው የፈለሰ የሚለው ነው። አጎቴ "የኔ ሰዎች ናቸው" ያለው ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ልልከው ነበር። ተኝቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ትልቁ ተመላሽ የሚሰጠው ለማን ነው? ብዙ ለሚያስይዝ። ብዙ የሚያስይዘው ደግሞ በኮምፒውተር የሚሠራ ቡድን ነው። ፕሮግራሙ ኦዱን እየተከታተለ በመጨረሻዋ ሰከንድ ብር ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ ፈረሶቹ ከተነሱ በኋላ ኦዱ ድንገት ሲወርድ ተራው ተወራራጅ የሚበሳጨው በዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ጎረቤቴ ልጅ በስሜት አይጫወቱም።

እንዲህ አሰብኩት። ባለሙያው፣ ማለትም ያ የኮምፒውተር ቡድን፣ የቋቱን 30 በመቶ ያስይዛል። ጎበዝ ስለሆነ ከተመላሽ በፊት የሚያጣው 8 በመቶ ብቻ ነው። ተመላሹ 10 ነው፤ ስለዚህ 2 በመቶ ያተርፋል። ከቋቱ ግን ያው 20 በመቶ መቆረጡ አይቀርም። ከ100 ዶላር ቋት 20 ሲቆረጥ ባለሙያው የተሸከመው 2.40 ነው። የቀረውን 17.60 የሚሸከመው ሌላው፣ 70 ዶላር ያስያዘው ሕዝብ ነው። ይሄ ከ25 በመቶ ይበልጣል። ሕጉ ላይ የተጻፈው 20፣ ትንሹ ሰው የሚከፍለው 25።

ያን ጊዜ የእሱ 100 ዶላር 500 መሆኑ ቀርቶ 400 ብቻ ይሆናል። ቶሎ ያልቅበታል፣ ይሰለቻል፣ ይቀራል። እሱ ሲቀር ባለሙያው የሚበላው ሰው ያጣል። ይሄ በአንድ ወር ሪፖርት ላይ አይታይም። መጀመሪያ የሚታየው ዝውውሩ ሲያብጥ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እሱን አይቼ ነበር "ይጨምራል" ያልኩት።

በቁጥር ብቻ እንዳይሆን ታሪኩንም አየሁ። በፈረንጆቹ 2003 አሜሪካ ውስጥ በፈረስ ላይ የተወራረደው ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2011 ከ11 ቢሊዮን በታች ወረደ፤ ሲግናሉ በየቦታው ደርሶ፣ ተመላሹም ተለምዶ ሳለ። በመሀል የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ አለ፣ ካሲኖም አለ፤ ሁሉንም በተመላሽ ማሳበብ አይቻልም። ግን ሲግናል ማስፋት ብቻውን አላዳነውም።

ሆንግ ኮንግ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ዝውውሩ በ1996/97 ከ92 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በ2005/06 ወደ 60 ቢሊዮን ወርዶ ነበር። በ2006 መንግሥት ግብሩን ከዝውውሩ ላይ መውሰዱን ትቶ ከቀሪው ትርፍ ላይ መውሰድ ጀመረ። ያኔ ውርርዱን የሚቀበለው ክለብ 10,000 የሆንግ ኮንግ ዶላርና ከዚያ በላይ አስይዞ ለተበላ ሰው 10 በመቶ መመለስ ቻለ። በ2013/14 ዝውውሩ 100 ቢሊዮንን አለፈ። ልዩነቱ የት ነው? እኔ እንደገባኝ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተመላሹን የሚከፍለውም ውድድሩን የሚያዘጋጀውም ያው አንድ ክለብ ነው። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፈረሱን የሚቀልበው አንዱ፣ ምርቃቱን የሚሰጠው ሌላው ነው። ምርቃት በሰው እህል ደስ ይላል።

ፋይሉን በሦስት ገጽ ከፍዬ ላክሁ፦ አዲስ ተወራራጅ፣ የፈለሰ ተወራራጅ፣ ባለሙያ። ከላይ አንድ ሕዋስ አስቀመጥኩ፤ የፈለሱት ስንት በመቶ ናቸው የሚለውን ደንበኛው ራሱ ይሞላበታል። እኔ ደሴ ሆኜ እሱን ልገምት አልችልም። ሂሳቤን ከፈለኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም "ገቢ" የሚል ዓምድ ስከፍት መጀመሪያ የማንን ብዬ እጠይቃለሁ።

አጎቴም ሂሳቡን ስነግረው ወደደው። "እንግዲያው ትልቅ ጨዋታ ሲሆን እጥፍ ይክፈለኝ" አለ። እኔም አዎ አልኩት፤ ለደንበኛዬም የመከርኩት ያንኑ ነበር፣ የሲግናሉን ዋጋ ከፍ አድርጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ጁስ ቤቱ የራሱን ዲሽ አሰቅሏል።

"ይሄስ እዚያ ኤክሴልሽ ላይ ነበረ ወይ?" አለኝ።

አልነበረም።