ካንሰር ያልሆነ፣ ካንሰር አይደለም ተብሎም የማይታለፍ ዕጢ

የ27 ዓመቷ ወጣት ከእናቷ ጋር ገብታ ከተቀመጠች በኋላ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። (ስለ እሷ የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገርም አላሰፈርኩም።) ከሁለት ወር በፊት በሌላ ሆስፒታል ግራ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማምረቻዋ) ከነቱቦው ወጥቷል። የወጣውን ዕጢ ፎርማሊን በተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ይዘው ላቦራቶሪ ያደረሱት እናትየው ናቸው። ወረቀቱ «ሲረስ ቦርደርላይን» ይላል፤ ውሃማ ፈሳሽ የሚቋጥር፣ በካንሰርና ካንሰር ባልሆነ ዕጢ መካከል ያለ ዓይነት ማለት ነው፤ ቀድሞ ያያት ሐኪም ደግሞ ማህፀኗና የቀረው ኦቫሪ በቶሎ ይውጡ ብሏታል። «ዶክተር፣ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ። እናትየው መልሴን ሳይጠብቁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ይህ ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም፤ ሕክምናው ራሱ ስም ለማውጣት ብዙ ተቸግሯል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃዋርድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1929 «ከፊል አደገኛ» ብሎ የገለጻቸው የእነዚህ ዕጢዎች ሴሎች እንደ ካንሰር ይባዛሉ፣ ይደራረባሉ፣ መልካቸውም ይለወጣል፤ ነገር ግን ከሥራቸው ያለውን ሕብረ ሕዋስ ሰርስረው አይገቡም። ከኦቫሪ ሽፋን ከሚነሱ አደገኛ ዕጢዎች ጋር አብረው ሲቆጠሩ ድርሻቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ከተገኘ፣ ከ100 ሴቶች ከ95 የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ሴሎቹ የሚባዙት በዝግታ ስለሆነ ኬሞቴራፒ የረባ ጥቅም አልታየበትም፤ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው።

እንግዲህ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ማህፀኗንና ቢያንስ የአንዱን ኦቫሪ ክፍል ማትረፍ ይቻላል። ማትረፍ ማለት ግን ዕጢውን አውጥቶ ሆድ መዝጋት ብቻ አይደለም፤ የሆድ ዕቃው ሽፋን በሙሉ በዓይን ይፈተሻል፣ ከሞራው ናሙና ይወሰዳል፣ ዕጢው ሙሲነስ (ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጭ ዓይነት) ከሆነ ትርፍ አንጀቱም ይታያል። ዋጋውም ሳይሸሸግ ሊነገራት ይገባል፦ ዕጢው ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ሁሉም ነገር ከወጣላቸው ሴቶች ይበልጣል፤ ኦቫሪው ቀርቶ ሲስቱ (ፈሳሽ የቋጠረው የዕጢው ከረጢት) ብቻ ከተነቀለ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ይሁን እንጂ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀረው ኦቫሪ ላይ፣ ያው ቦርደርላይን ሆኖ፣ እንደገና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ በሚችል መልኩ ነው። የእኔ ጥንቃቄ የሚበረታው ሙሲነስ በሆነው ላይ ነው፤ እሱ ሲመለስ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ሲስቱን ብቻ ነቅዬ አልተውም።

ስለዚህ ለወጣቷ ማህፀኗን ለማውጣት የሚያስቸኩል ምክንያት እንዳልታየኝ፣ ሆኖም የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሞራውንና የሆድ ዕቃ ሽፋኑን ስለመመርመሩ ወረቀቱ ምንም እንደማይል ነገርኳት። ቀድሞ የተሠሩት ስላይዶች በሌላ ፓቶሎጂስት ዳግም ይታያሉ፤ ከዕጢው ውጪ የተሠራጨና ሰርስሮ የገባ ነገር ከተገኘ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙም ካንሰር ነው፣ ውሳኔውም ይለወጣል። ካልተገኘ ግን መጀመሪያ በየጥቂት ወሩ፣ ኋላም በየዓመቱ አልትራሳውንድ ትነሳለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመለስም ስላለ ክትትሉ ረጅም ነው።

«ትወልዳለች?» አሉ እናትየው። አንዱ ኦቫሪና ማህፀኗ ጤነኛ ከሆኑ ልትወልድ እንደምትችል፣ ቃል መግባት ግን እንደማልችል ነገርኳቸው። ከዚያ ስላይዶቹን ከላቦራቶሪው ማን እንደሚያመጣ ጠየቅሁ።

«እኔው አመጣዋለሁ» አሉ፤ «መንገዱን አውቀዋለሁ።»