ሦስት የባሕር ሣርን ይቅር ማለት አቅቶኛል

ከአክስቴ ልጅ ጋር በቴሌግራም ድምፅ እየተላላክን ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። ምክንያቱ የሁለት ሴቶች ፍቅር ነው፤ ያውም ጠፈር ላይ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአርካዲ ማርቲን «ኤ ሜሞሪ ኮልድ ኢምፓየር» ነው። ማሂት ከአንዲት ትንሽ የጠፈር ጣቢያ ተነስታ ወደ ግዙፉ የቴይክስካላን ኢምፓየር ዋና ከተማ በአምባሳደርነት ትሄዳለች። ሥራዋ ጣቢያዋ እንዳትጠቀለል መከላከል ነው። ልጅቷ ግን ሊውጣቸው ያሰፈሰፈውን የዚያኑ ኢምፓየር ግጥም ስትሸመድድ ያደገች ናት። እዚያ ስትደርስ አጋዥ ሆና የተመደበችላት ደግሞ ሦስት የባሕር ሣር ናት።

አዎ፣ ስሟ ነው። እዚያ አገር የሰው ስም ቁጥርና አንድ ነገር ነው፤ አበባም ይሁን መሣሪያ። አንዱ መጤ ራሱን «ሠላሳ ስድስት የበረዶ ሜዳ መኪና» ብሎ ሰይሞ መሳቂያ ሆኗል። እኔም ሳቅኩ። ከማን ጎን ቆሜ እንደምስቅ ሳስበው ግን ደበረኝ።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ፖለቲካው ሁሉ በግጥም ነው። የምስጢር መልእክት እንኳ የሚቆለፈው በግጥም ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

«ሁለት ሴቶች ሆናችሁ እንዴት?» የሚል ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም። የሚያስቸግረው ሥልጣኑ ነው። ማርቲን የባይዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ታሪክ ምሁር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1045 ባይዛንታይን የአርመኖችን የአኒ መንግሥት የጠቀለለችበት ታሪክ ለልብ ወለዱ መነሻ ሆኗታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለቱ የሚሳሳሙት በሐዘን መሀል ነው፤ ትዕይንቱ አጭር ነው፣ ግን አንጀት ይበላል።

ሦስት የባሕር ሣር ማሂትን በቀልድ «አረመኔ» ትላታለች። የአክስቴ ልጅ «አቦ እየተጫወተች እኮ ነው፣ ትወዳታለች!» ትላለች። መውደዱንማ ትወዳታለች፣ ማን ካደ? ግን ነገር ቢበላሽ እሷ የምታጣው ፍቅረኛ ነው። ማሂት የምታጣው አገር ነው። ይህን ሳትረዳ መቀለዷ ያናድደኛል።

በ2021 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ጦርነት ይነሳል። ሦስት የባሕር ሣር ራሷን በራሷ ልዩ መልእክተኛ አድርጋ ትመድብና ማሂትን ልትወስድ ጣቢያዋ ድረስ ከች ትላለች። እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ኢምፓየር ከኋላው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ጦር መርከቡ ላይ ማሂት በመጨረሻ ትፈነዳለች። ያቺ አንደበተ ርቱዕ ሦስት የባሕር ሣር ምን እንዳጠፋች ግራ ይገባታል። የተናደደችባትን ሴት እያፈቀረች ነው፣ ግን አልገባትም። ከሁለቱ መጽሐፍ ይሄን ክፍል ነው ደጋግሜ ያነበብኩት።