ከእሸ ዛፍ ሥር ሆኜ ስለ ቀረሮ

የቡናው ሥር በሚመነጠርበት ሰሞን ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሬ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ስሄድ አንድ የእሸ ዘር ከመሬት አነሣሁ። ቡናማ ነው፤ ቅባት የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል፤ ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበት ግርጌው ላይ ደብዘዝ ያለ ትንሽ ጠባሳ አለበት። ወዲያው ትዝ ያለኝ በከፋ ደን ያየሁት የቀረሮ ዘር ነው። ሁለቱ ዛፎች የአንድ ቤተሰብ ናቸውና ዘራቸውም ይመሳሰላል፤ የቀረሮው ጠባሳ ግን ከጎኑ በረጅሙ የወረደ ነው።

ቀረሮን ያላየ ሰው የዘጌን ዛፎች ብቻ አይቶ ቁመቱን ለመገመት ይቸገራል። በከፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌ ሐረና እርጥብ ደኖች እስከ 50 ሜትር ያድጋል፤ ቀጥ ብሎ የወጣው ግንዱ ቅርንጫፉን የሚዘረጋው ከሌሎቹ ዛፎች አናት በላይ ነው። ለመጋዝ ያሳጨውም ይኸው ቀጥ ማለቱ ነው። ከዓመታት በፊት ቁም ሣጥን ሳሠራ አናጢው «ጣውላው ቀረሮ ነው» ሲለኝ፣ ከየትኛው ደን እንደ ተቆረጠ እንኳ ሳልጠይቅ ከፍዬ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ይሁን እንጂ ከመጋዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገጀራው ነው። የቀረሮ ዘር እንደ እህል ደርቆ ጎተራ አይገባም፤ ከደረቀ ይሞታል። ስለዚህ ከእናቱ ዛፍ ሥር፣ በእርጥብ ቅጠል መካከል ሳይቆይ መብቀል አለበት፤ ችግኙም በጥላ ውስጥ ዝግ እያለ ነው የሚያድገው። ያ ጥላ ደግሞ የጫካ ቡናም ቦታ ነው። ምንጠራ ሲመጣ ትልልቆቹ ዛፎች ለቡናው ጥላ ተብለው ይተዋሉ፣ ችግኞቹ ግን ከአረሙ ጋር ይጨፈጨፋሉ፤ ከሩቅ ለሚያየው ደኑ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ሲገቡ ግን አሮጌዎቹን የሚተካ ወጣት ዛፍ የለም። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የጣና ዙሪያ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገባቸው ያስደስተኛል፤ የቀረሮ ዕጣ የሚወሰነው ግን በየቡናው ማሳ፣ ገጀራ በያዘው ሰው እጅ ነው።

በዘጌ፣ ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በቆየው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚያን ዕለት ቡናቸውን የሚመነጥሩ አንድ ሽማግሌ አንዲት የእሸ ችግኝ ጋ ሲደርሱ ገጀራቸውን አስቀምጠው ዙሪያዋን በእጃቸው አረሙ።

«አባቴ፣ ይችን ለምን ተዉአት?» አልኋቸው።

«ያ ትልቁ አርጅቷል፣ ልጄ። እሱ ሲወድቅ ቡናዬን ፀሐይ ይመታዋል።»

ከዚያም፣ ነገ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ሳያዩ እንዳይቆርጧት፣ ረዘም ያለ እንጨት ቆርጠው አጠገቧ ተከሉ። ዞር ብዬ ስመለከት በማሳው ውስጥ እንዲህ የተተከሉ ሌሎች ሦስት እንጨቶች አየሁ።